አርተር ራምቦ እና የሐረር ካሜራው፦ አንድ ባለቅኔ በፎቶግራፍ ያሳለፋቸው ዓመታት

መግቢያ

ፎቶግራፍ ጥበብ ነው ወይስ ማስረጃ የሚለው ጥያቄ የካሜራን ያህል ዕድሜ አለው። በኢትዮጵያ ታሪክ ጥናት ውስጥ ግን ጥያቄው እምብዛም አይነሣም። የጥንት ፎቶግራፎች አብዛኛውን ጊዜ በመጻሕፍት ገጾች መካከል የሚገቡት ጽሑፉን ለማድመቅ ነው። የተነሣው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ያነሣው ማን እንደሆነ፣ ለምን ከዚያ ቦታ እንደቆመና ምን ትቶ ምን እንደመረጠ ግን አይጠየቅም። ምስሉ ራሱ እንደ መስኮት ይቆጠራል፤ በመስኮቱ ወዲህ የቆመው ሰው ይረሳል።

ይህን ክፍተት ለማየት ከሚያመቹ የሕይወት ታሪኮች አንዱ የፈረንሳዊው ባለቅኔ የአርተር ራምቦ ነው። ራምቦ በዓለም የሚታወቀው በወጣትነቱ ጽፎ በወጣትነቱ በተዋቸው ግጥሞች ነው። በኢትዮጵያ የሚታወቀው ደግሞ በሐረር ነጋዴነቱና ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ በማቅረቡ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው አጭር የካሜራ ዘመን ግን ከሁለቱም ወገን ተገቢውን ትኩረት አላገኘችም። ይህ ጽሑፍ የራምቦን ሕይወት ከፎቶግራፍ ጋር በነበረው ግንኙነት በኩል በቅደም ተከተል ይተርካል፤ ከትረካውም በመነሣት ፎቶግራፍን በግል መንገድ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ፣ ይህም በምዕራብ ሸዋ ለሚካሄድ የምስል ጥናት ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ይመረምራል። ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት፣ ቅኔና የፓሪሱ ምስል

ዣን ኒኮላ አርተር ራምቦ ጥቅምት 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍሬዴሪክ ራምቦ በአልጄሪያ ያገለገለ፣ የዐረብኛ ቋንቋም የሚያውቅ የእግረኛ ጦር ሻምበል ነበር፤ ልጁ ገና ስድስት ዓመት ገደማ ሳለ ቤተሰቡን ትቶ ሄደ። ልጆቹን ያሳደገቻቸው እናታቸው ቪታሊ ኩዊፍ ናት። እርሷም ከገበሬ ቤተሰብ የተገኘች፣ በሃይማኖቷ የጸናች፣ ገንዘብ በማባከን የማታምን፣ ልጆቿን በጥብቅ ሥርዓት የያዘች ሴት ነበረች። ወደፊት ከኤደንና ከሐረር የሚጻፉት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የተላኩት ለእርሷና ለታናሽ እኅቱ ለኢዛቤል ነው። የካሜራው ታሪክም በዋናነት የሚታወቀው ከእነዚህ ደብዳቤዎች ነው።

ራምቦ በትምህርት ቤት ሳለ በላቲን ግጥም ሽልማት ያገኝ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ በፈረንሳይኛ ግጥም ላይ አብዮት የሚያስነሣ አስተሳሰብ ይዞ ብቅ አለ። በግንቦት 1871 በጻፋቸው ሁለት ታዋቂ ደብዳቤዎች ውስጥ ባለቅኔ ራሱን እንደ ባዕድ ሰው ቆሞ መመርመር እንዳለበት፣ የሚናገረው እኔነት ከሚያየው እኔነት የተለየ እንደሆነ አስረዳ። ይህ ሐሳብ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በሐረር ከተማ በሌላ መሣሪያ ተመልሶ መምጣቱ ልብ ይሏል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ራምቦ ወደ ፓሪስ ሄደ። እዚያም በዘመኑ ታዋቂ የነበረው ፎቶ አንሺ ኤትየን ካርዣ በፎቶ ቤቱ አነሣው። ዛሬ በመጻሕፍት ሽፋን፣ በፖስተርና በግድግዳ ላይ የሚታየው፣ ፀጉሩ የተበታተነ፣ ዐይኖቹ ከተመልካቹ አልፈው ሩቅ የሚያዩት ወጣት ፊት የካርዣ ሥራ ነው። ካርዣ ባለቅኔዎችንና ሠዓሊያንን በማንሣት የሚታወቅ፣ ከሚያነሣው ሰው ፊት ላይ ጠባዩን ለማውጣት የሚጥር ባለሙያ ነበር። ሁለቱ ግን ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ። በ1872 መጀመሪያ በአንድ የባለቅኔዎች ማኅበር ራት ላይ ራምቦ ሠይፍ በተሸሸገበት ከዘራ ካርዣን አቆሰለው። ካርዣም በንዴት የራምቦን ምስል የያዙትን የብርጭቆ ሳህኖች እንደሰባበራቸው ይነገራል። ይህ ገጠመኝ ለተነሣንበት ጉዳይ ትርጉም አለው፤ ራምቦ በሌላ ሰው እጅ የተሠራ፣ በሌላ ሰው ፈቃድ የሚጠፋ ወይም የሚኖር ምስል ምን እንደሆነ ቀድሞ አውቋል።

ከቅኔ ወደ መንገድ

በሐምሌ 1873 ባለቅኔው ጓደኛው ፖል ቬርሌን በብራስልስ ከተማ በሽጉጥ ተኩሶ እጁን አቆሰለው። በዚያው ዓመት መጸው ራምቦ ራሱ ወጪውን ለመሸፈን ቃል ገብቶ አንድ መጽሐፍ በብራስልስ አሳተመ፤ አብዛኛው ቅጂ ግን ክፍያው ባለመጠናቀቁ ከማተሚያ ቤቱ ሳይወጣ ቀረ። ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግጥም መጻፉን ተወ። ለምን እንደተወ የጻፈው ነገር የለም፤ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ግን ይህን ዝምታ ለመተርጎም ከመቶ ዓመት በላይ ሲደክሙ ኖረዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመንገድ ታሪክ ነው። በ1876 ለሆላንድ ቅኝ ገዢ ጦር ተቀጥሮ እስከ ጃቫ ደሴት ሄደ፤ እዚያም ከጦሩ ኮብልሎ ተመለሰ። በቆጵሮስ የድንጋይ ካባና የግንባታ ሠራተኞች ተቆጣጣሪ ሆነ። በነሐሴ 1880 ኤደን ወደብ ደርሶ ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በሚነግደው በአልፍሬድ ባርዴ ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ ሃያ ቀን ያህል በበረሃ ከተጓዘ በኋላ ሐረር ገባ። ሐረር ያን ጊዜ ከ1875 ጀምሮ በግብፅ አስተዳደር ሥር ነበረች። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነበር።

የካሜራው ሐሳብና ግዢ

ራምቦ ሐረር በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ1881 መጀመሪያ፣ ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ኩባንያው ከሊዮን ከተማ የፎቶግራፍ መሣሪያ ሊያስመጣ እንደሆነና እርሱም በአውሮፓ ያልታወቁ ቦታዎችን ምስል ለማንሣት እንዳሰበ ገልጾ ነበር። ሐሳቡ ግን ወዲያው አልተፈጸመም። የመጀመሪያው የሐረር ቆይታው ካሜራ ሳይመጣ በ1881 መጨረሻ አበቃ፤ ራምቦም ወደ ኤደን ተመለሰ።

በ1882 ሐሳቡ ሰፋ። ስለ ሐረርና ስለ አካባቢው የኦሮሞ አገር መጽሐፍ ጽፎ፣ በራሱ ባነሣቸው ምስሎችና በራሱ ባነሣቸው ካርታዎች አስደግፎ ለፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለማቅረብ አቀደ። ለዚህም የቅየሳ መሣሪያዎችንና የቴክኒክ መጻሕፍትን ከቤተሰቡ ይጠይቅ ጀመር። የፎቶግራፉ መሣሪያ ከነኬሚካሉ፣ ከነብርጭቆ ሳህኑና ከነወረቀቱ ወደ 2 ሺሕ ፍራንክ የሚጠጋ ወጪ ጠየቀ። ገንዘቡ የራምቦ የራሱ ቁጠባ ቢሆንም ክፍያው የሚፈጸመው በእናቱ እጅ ስለነበር እርሷ ተቆጣች። ልጇ በማያውቀው ሙያ ገንዘቡን የሚያፈስስ መሰላት። እርሱም በደብዳቤ ደጋግሞ ሊያሳምናት ሞከረ፤ ካሜራ በማይታወቅበት አገር ሥራው ትርፍ እንደሚያስገኝ፣ ካልተሳካም መሣሪያው ተመልሶ እንደሚሸጥ አስረዳት።

እዚህ ላይ ሁለት ምክንያቶች ጎን ለጎን መሄዳቸው ግልጽ ነው። አንዱ ንግድ ነው፤ ሌላው ዕውቀት ነው። ጥበብ የሚለው ቃል በደብዳቤዎቹ ውስጥ አይገኝም። ራምቦ የቅኔ ዘመኑን ለቤተሰቡም ሆነ ለሥራ ባልደረቦቹ ማንሣት አይፈልግም ነበር። ስለዚህ ከካሜራው በስተጀርባ የተሸሸገ ባለቅኔ እንፈልግ ካልን መፈለግ ያለብን በቃሉ ሳይሆን በምርጫዎቹ ውስጥ ነው።

ሥራው እንዴት ይከናወን ነበር

የራምቦን ምስሎች ለመረዳት የዘመኑን አሠራር በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። በ1870ዎቹ መጨረሻ በጄላቲን የተቀባ ደረቅ የብርጭቆ ሳህን በንግድ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ከዚያ በፊት ፎቶ አንሺው ሳህኑን በሥፍራው ቀብቶ እርጥብ እንዳለ ማንሣትና ወዲያው ማጠብ ነበረበት፤ ስለዚህ ጨለማ ድንኳን ተሸክሞ ይዞር ነበር። ደረቁ ሳህን ተጓዦችን ከዚህ ሸክም አሳረፋቸው። ሆኖም ምስሉ ከተነሣ በኋላ ያለው ሥራ አልቀረም። ሳህኑ በጨለማ ክፍል ውስጥ በኬሚካል ይታጠባል፤ ብርሃን ያልነካው የብር ጨው በሌላ ኬሚካል ይወገዳል፤ በመጨረሻም በብዙ ንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ከኔጋቲቩ በወረቀት ላይ የሚወጣው ምስልም እንዲሁ ይታጠባል። ውኃው ጨው ወይም ቆሻሻ ያለበት ከሆነ ወይም እጥበቱ ከተጓደለ ምስሉ ከጊዜ በኋላ ይነጣል፣ ይደበዝዛል፣ ይቢጫል።

ሐረር ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ብርሃኗ የበዛ ከተማ ናት፤ ለማንሣት ትመቻለች። ለማጠብ ግን አልተመቸችም። ራምቦ የመጀመሪያ ምስሎቹን በላከበት ጊዜ የነጡት ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውኃ ምክንያት እንደሆነ ለቤተሰቡ ገልጿል። ወደፊት የተሻለ ለመላክም ቃል ገባ።

ሦስቱ የራስ ምስሎች

ካሜራው በ1883 መጀመሪያ ኤደን ደረሰ። ራምቦም ይዞት በጸደይ ወራት ለሁለተኛ ጊዜ ሐረር ገባ። ግንቦት 6 ቀን 1883፣ በእኛ አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም.፣ ለእናቱና ለእኅቱ ሦስት ምስሎች ላከ። ሦስቱም የራሱ ናቸው። በአንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሟል፤ በሌላው በቡና ተክል መካከል ቆሟል፤ በሦስተኛው በሙዝ ተክል መካከል እጆቹን አጣምሮ ይታያል። ልብሱ ቀላል፣ ነጭ፣ የሥራ ልብስ ነው።

ከምስሎቹ የሚታየው የመጀመሪያው ነገር የሚጎድለው ነገር ነው። በዘመኑ ፎቶ ቤቶች የተለመደው ሥዕል ያለበት መጋረጃ፣ የተጠረበ ወንበር፣ የውሸት ዓምድና መጽሐፍ በእጅ መያዝ እዚህ የለም። በአፍሪቃ የተጓዙ አውሮፓውያን ይወዱት የነበረው አነሣሥም የለም፤ ጠመንጃ ይዞ፣ በተገደለ አውሬ ላይ እግሩን ጭኖ ወይም በአገልጋዮች ተከቦ አልተነሣም። ራምቦ ብቻውን ነው። ከካሜራው ርቆ ቆሟል፤ ሙሉ አካሉ ይታያል። ፊቱ ትንሽ ነው፤ በነጣው ወረቀት ላይም ደብዝዟል። ካርዣ በቅርበት ፊቱን ብቻ ባወጣበት የፓሪስ ምስል አንጻር ሲታይ የሐረሩ ምስል ተቃራኒው ነው። በመጀመሪያው ፊት አለ፣ ቦታ የለም። በሁለተኛው ቦታ አለ፣ ፊቱ ወደ ቦታው እየጠፋ ነው።

ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ካሜራ ፊት የቆመ ሰው ራሱን ብቻውን ማንሣት ቀላል አልነበረም። ራምቦ ካሜራውን አቁሞ፣ ሥፍራውን መርጦ፣ ሳህኑን ካስገባ በኋላ ወደ ቦታው ሲሄድ የካሜራውን ክዳን የሚከፍትና የሚዘጋ የሌላ ሰው እጅ ሳያስፈልገው አልቀረም። ስለዚህ የራስ ምስል የምንለው ነገር በሐረር ከሚኖር አንድ ያልተጠቀሰ ረዳት ጋር የተሠራ ነው። የረዳቱ ስም በደብዳቤው ላይ የለም። የግል የሚባለው ሥራ ፈጽሞ የግል አለመሆኑን ይህ ትንሽ የቴክኒክ ጉዳይ ያስታውሳል።

ራምቦ ምስሎቹን የላከበትን ዓላማ ቤተሰቡ መልኩን እንዲያስታውስ እንደሆነ በደብዳቤው ያሳያል። ይህም ዓላማ ቀላል መስሎ ቢታይም ጥልቅ ነው። በሠላሳ ዓመቱ ደጃፍ ላይ የነበረው ሰው ከቤቱ ርቆ፣ ማንነቱ በማይታወቅበት ከተማ፣ ራሱን ከሩቅ እንደ ሌላ ሰው አይቶ ላከው። በ1871 ስለ ቅኔ የጻፈው ራስን እንደ ባዕድ የማየት ሐሳብ እዚህ ቃል ሳይጨመርበት በብርሃን ተፈጽሟል ማለት ይቻላል። ይህ ግን የአንባቢ ትርጓሜ እንጂ የራምቦ ምስክርነት እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም።

የሐረር ሰዎችና የሐረር ቦታዎች

ከራስ ምስሎቹ ሌላ የተረፉት የራምቦ ፎቶግራፎች በጣም ጥቂት ናቸው። አንዱ የሥራ ባልደረባው የግሪኩ ኮንስታንቲን ሶቲሮ ምስል ነው። ሌላው ለቡና መጫኛ የሚሆን የቆዳ ጆንያ የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ከዕቃዎቹ መካከል ተቀምጦ የሚያሳይ ነው። የሐረርን ገበያ የሚያሳይም አለ።

ከእነዚህ መካከል የባለሙያው ምስል ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ራምቦ የቡና ነጋዴ ነበር፤ የቆዳው ጆንያ የዕለት ሥራው ዕቃ ነው። ያነሣው ሰው በእርሱ የንግድ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሰው ነው። ምስሉ እንግዳ ነገር ለመፈለግ ወጥቶ ያገኘው ሳይሆን ከሚኖርበት ሥራ ውስጥ የወጣ ነው። ባለሙያው ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ዕቃዎቹ ዙሪያውን ተበትነዋል፤ ካሜራው ሰውየውን ከሥራው አልነጠለውም። ዛሬ ስለ ሐረር የዕደ ጥበብና የቡና ንግድ ታሪክ ለሚያጠና ተመራማሪ ይህ አንድ ምስል ከብዙ ገጽ ጽሑፍ በላይ ይነግራል።

ራምቦ ሥራው ትርፍ እንደሚያስገኝ በመጀመሪያ ተስፋ አድርጎ ነበር። በሐረር ሁሉም መነሣት እንደሚፈልግና ለአንድ ምስል እስከ አንድ ጊኒ እንደሚከፈል ለቤተሰቡ ጽፏል። ተስፋው ግን አልሰመረም። የኩባንያው ሥራ፣ የክረምቱ ዝናብ፣ የኬሚካሉና የውኃው ችግር፣ የከተማዋም ፖለቲካ አለመረጋጋት ጊዜ ነሣው። የታቀደው መጽሐፍም አልተጻፈም።

የጂኦግራፊ ማኅበሩ ጥያቄ

በ1883 ሶቲሮ ወደ ኦጋዴን ዘልቆ ከተመለሰ በኋላ ራምቦ ከእርሱ ባገኘው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ስለ ኦጋዴን ሪፖርት ጻፈ። ሪፖርቱ በየካቲት 1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ኅትመት ላይ ወጣ። አጻጻፉ ደረቅና ትክክለኛ ነው፤ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ወንዙና ስለ ንግዱ ያትታል፤ የባለቅኔ ጌጥ አይታይበትም።

ማኅበሩ በሥራው ተደስቶ ለራምቦ ደብዳቤ ላከ። በጂኦግራፊና በጉዞ ስም ያተረፉ ሰዎችን ምስል በአልበም እንደሚያሰባስብ ገልጾ ፎቶግራፉንና አጭር የሕይወት ታሪኩን እንዲልክ ጠየቀው። ራምቦ ያን ጊዜ ራሱን ያነሣባቸው ምስሎች ነበሩት። ሆኖም አልላከም፤ መልስም አልሰጠም። ይህ ዝምታ ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። ለእናቱ በፈቃዱ የላከውን ምስል ለተከበረ የምሁራን ማኅበር ነፈገ። ምስሉ ለእርሱ የቤተሰብ ደብዳቤ አካል እንጂ የዝና መግለጫ አልነበረም። ፎቶግራፍን በግል መንገድ መያዝ ሲባል ምስሉ እንዴት እንደተነሣ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደተሰጠና ከማን እንደተከለከለ ጭምር መመልከት እንደሚገባ ይህ ያሳያል።

ካሜራ የሌለበት የሸዋ ጉዞ

በ1884 የግብፅ ጦር ሐረርን ለመልቀቅ ሲዘጋጅ ኩባንያው የሐረር ቅርንጫፉን ዘጋ። ራምቦ ወደ ኤደን ተመለሰ። በሚያዝያ 1885 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ካሜራውን በጸጸት መሸጡን፣ ነገር ግን እንዳልከሰረበት አስታወቀ። የእናቱ ስጋት በዚህ መልኩ ተዘጋ። የፎቶግራፍ ዘመኑም በሁለት ዓመት ገደማ አበቃ።

ስለዚህ ራምቦ ወደ ሸዋ ሲመጣ ካሜራ አልነበረውም። በ1885 መጨረሻ ከነጋዴው ከፒየር ላባቱ ጋር ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ተዋዋለ። ላባቱ ታምሞ ሞተ፤ ከእርሱ ጋር አብሮ ሊጓዝ የነበረው ፖል ሶሌየም በኤደን በድንገት አረፈ። ራምቦ ወደ 2 ሺሕ የሚደርሱ አሮጌ ጠመንጃዎችን ጭኖ በጥቅምት 1886 ከታጁራ ብቻውን ተነሣ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በየካቲት 1887 አንኮበር ገባ። ንጉሥ ምኒልክ ግን በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ለመያዝ ሄደው ነበር። በኋላ በእንጦጦ ሲገናኙ ጠመንጃው ራምቦ ከጠበቀው ባነሰ ዋጋ ተሸጠ፤ ከገንዘቡም ላይ የላባቱ ዕዳ ተነሣበት። ቀሪው በሐረር በኩል በራስ መኰንን እንዲከፈለው ታዘዘለት። በግንቦት መጀመሪያ 1887 ከፈረንሳዊው ተጓዥ ከዡል ቦሬሊ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሄደ። የዚህ መንገድ ማስታወሻው በባርዴ አማካይነት ለጂኦግራፊ ማኅበሩ ደርሷል።

ከወለጋና ከጅማ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና በዚያ ዘመን ወደ እንጦጦ ይጎርፍ ነበር። ከወለጋ በኩል የሚመጣው ጭነት የሚያልፈው ዛሬ አምቦ፣ አዲስ ዓለምና ሆለታ በሚገኙበት አገር በኩል ነው። ራምቦ የዚህን ንግድ ዋጋና ስሌት በደንብ ያውቀዋል፤ በደብዳቤዎቹም ይዘረዝረዋል። በሐረር የቆዳ ጆንያ ሠሪውን ያነሣ ዐይን በእንጦጦ ገበያ የምዕራቡን ሲራራ ነጋዴ ቢያነሣ ኖሮ ለምዕራብ ሸዋ ታሪክ ምን ያህል ጥቅም በሰጠ ነበር ብሎ መቆጨት ይቻላል። ካሜራው ግን ከሁለት ዓመት በፊት ተሸጧል።

የዚያን ዘመን ሸዋ በምስል ካቆዩት መካከል ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ይገኝበታል። ኢልግም እንደ ራምቦ በ1854 የተወለደ ነው፤ በ1879 ሸዋ ገብቶ ለምኒልክ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አገለገለ፤ ከራምቦም ጋር በንግድ ጉዳይ ይጻጻፍ ነበር። የኢልግ የፎቶግራፍ ስብስብ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ቤተ መዘክር ተጠብቋል። የሁለቱ እኩዮች ልዩነት አስተማሪ ነው። ኢልግ ከቤተ መንግሥቱ ጎን ቆሞ የአንድን መንግሥት መታነጽ በብዛት አነሣ። ራምቦ ከገበያው ጎን ቆሞ በጥቂቱ አነሣ። የመጀመሪያው ስብስብ በስፋቱ፣ የሁለተኛው በቅርበቱ ይጠናል።

የመጨረሻ ዓመታት

ራምቦ ከ1888 ጀምሮ በሐረር የራሱን ንግድ አቋቁሞ ኖረ። ቡና፣ ሙጫ፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ገዝቶ ይልካል፤ ጨርቅና የቤት ዕቃ አስመጥቶ ይሸጣል። የሐረር ገዢ ከነበሩት ከራስ መኰንን ጋርም ጥሩ ግንኙነት ነበረው። በዚህ ጊዜ ሌላ ካሜራ አልገዛም። በፈረንሳይ ደግሞ እርሱ ሳይኖርበት ዝናው መነሣት ጀምሮ ነበር፤ በ1886 የቀድሞ ግጥሞቹ በመጽሔት ታትመው ባለቅኔዎች ሁሉ ስለ ጠፋው ወጣት ይነጋገሩ ነበር።

በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ብርቱ ሕመም ተነሣ። በሚያዝያ ዐሥራ ስድስት ተሸካሚዎች በቃሬዛ ይዘውት ከሐረር ወደ ዘይላ ወረዱ። ግንቦት 27 ቀን በማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ተቆረጠ። ኅዳር 10 ቀን 1891 በሠላሳ ሰባት ዓመቱ እዚያው አረፈ። በመጨረሻ ፈቃዱ ለሐረር አገልጋዩ ለጃሚ 3 ሺሕ ፍራንክ እንዲሰጥ አዘዘ።

የጥበብ ጥያቄ

የራምቦ ምስሎች ጥበብ ናቸው ወይ ለሚለው ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልሶች ይሰጣሉ። የመጀመሪያው መልስ ባለቅኔው በካሜራ ቅኔውን ቀጠለ የሚል ነው። ይህ መልስ ማራኪ ቢሆንም አደገኛ ነው። የነጡት ምስሎች የነጡት በመጥፎ ውኃ ነው፤ ንጣቱን እንደ ታሰበበት ምሥጢር መተርጎም የአጠባ ጉድለትን ወደ ቅኔ መለወጥ ይሆናል። ሁለተኛው መልስ ምስሎቹ የአንድ ጀማሪ ነጋዴ ያልተሳካ ሙከራ ናቸው የሚል ነው። ይህም ለምን ራሱን አስቀድሞ እንዳነሣ፣ ለምን ጌጥ እንዳልተጠቀመ፣ ለምን ባለሙያውን ከሥራው ሳይነጥል እንዳነሣ አያስረዳም።

ከሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ዓላማንና ምርጫን ለይቶ ማየት ነው። የራምቦ ዓላማ ንግድና ዕውቀት እንደነበረ ደብዳቤዎቹ ያረጋግጣሉ። ምርጫዎቹ ግን የእርሱ ብቻ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1868 ልዑል ዓለማየሁን ስታነሣ የሥዕል ጥበብ ለመሥራት አስባ፣ ብርሃኑን ለስሜት አመቻችታ ነበር። የልጁ ኀዘን በምስሉ ላይ ጎልቶ የሚታየው በከፊል በእርሷ የጥበብ ምርጫ ነው። ራምቦ እንዲህ ያለ ዕቅድ አልነበረውም። ሆኖም ሁለቱም ምስሎች ያነሣቸውን ሰው አቋም ይዘዋል። ጥበባዊነት ከፎቶ አንሺው ዐዋጅ ብቻ ሳይሆን ከአቋሙ ወጥነትም ሊገኝ እንደሚችል የሐረሩ ጥቂት ምስሎች ያመለክታሉ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ችግር የፊት ናፍቆት ነው። በ2010 በኤደን ሆቴል ደጃፍ የተቀመጡ አውሮፓውያንን የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ ይፋ ተደርጎ ከመካከላቸው አንዱ ራምቦ ነው ተባለ፤ ጉዳዩም ባለሙያዎችን አከራከረ። በሐረርም የራምቦ ቤት ተብሎ የሚጎበኘው ውብ የእንጨት ሕንፃ የተሠራው ከእርሱ ሞት በኋላ ነው፤ ዛሬ የቀድሞዋን ሐረር ፎቶግራፎች የያዘ ቤተ መዘክር ሆኖ ያገለግላል። ሰዎች ዝነኛውን ፊትና ዝነኛውን ቤት አጥብቀው ሲፈልጉ በእርሱ ምስሎች ውስጥ ያሉት ሌሎች ሰዎች ስም አልባ ሆነው ይቀራሉ። ሶቲሮ በስሙ የሚታወቀው በደብዳቤ ስለተጠቀሰ ነው። በገበያው ውስጥ የቆሙት ግን ማን እንደነበሩ አልተመዘገበም።

ማጠቃለያ

አርተር ራምቦ ካሜራ የያዘው ለሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ የተረፈውም በጣት የሚቆጠር ነው። ይህ ትንሽ ውርስ ግን ሦስት ነገሮችን በግልጽ ያስተምራል። አንደኛ፣ ፎቶግራፍ ሲጠና ዓላማውን የሚገልጸው ጽሑፍና ምርጫውን የሚያሳየው ምስል ተነጻጽረው መነበብ አለባቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሁለተኛ፣ የምስሉ አካላዊ ሁኔታ፣ ማለትም ውኃው፣ ኬሚካሉና ወረቀቱ፣ የትርጉሙ ክፍል ስለሆነ ከትርጓሜ በፊት መመርመር አለበት። ሦስተኛ፣ ምስሉ ለማን እንደተላከና ማን እንዳስቀመጠው መታወቅ አለበት።

እነዚህ ሦስት ነጥቦች ለምዕራብ ሸዋ ቅርብ ናቸው። አዲስ ዓለም በ1900 ምኒልክ አዲስ ዋና ከተማ ሊያደርጓት ያቀዷት፣ የቤተ መንግሥቱም ሕንፃ በኋላ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሆነባት ከተማ ናት። ሆለታም የቤተ መንግሥትና የጦር ትምህርት ቤት ታሪክ አላት። አምቦ የፍል ውኃና የትምህርት ከተማ ሆና አድጋለች። በእነዚህ ከተሞች ቤቶች ግድግዳና ሣጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ፎቶ ቤቶችም መደርደሪያ ላይ ያሉ ምስሎች የሚነበቡት የተነሡትን ሰዎች የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት እስካሉ ድረስ ነው። የሐረሩ የቆዳ ጆንያ ሠሪ ምስል ተርፏል፤ ስለ እርሱ የሚናገር የቤቱ ሰው ግን ተጠይቆ አልተመዘገበም። የምስሉን ጀርባ ገልብጦ ስሙን፣ ሥራውን፣ የተነሣበትን ቦታና ፎቶ አንሺውን ጠይቆ መጻፍ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን የማይዘገይ የምርምር ሥራ ነው።